ስሙ አንድ፣ መግጠሚያው ሌላ፦ የቤይብሌድ ክፍሎች ከትውልድ ትውልድ

ቤይብሌድ፣ ባጭሩ ቤይ፣ በማስወንጨፊያ ተለቆ በሜዳ ላይ እየተሽከረከረ ከሌላው ጋር የሚዋጋ፣ ክፍሎቹ የሚፈቱና የሚለዋወጡ መጫወቻ ነው። ስቶርም ፔጋሲስ የተባለ ቤይብሌድ በሁለት ትውልድ ወጥቷል። የመጀመሪያው በብረቱ ዘመን «105 አርኤፍ» የሚል መለያ ይዞ የመጣው ነው፤ ሁለተኛው በአሁኑ የኤክስ ትውልድ እንደገና የተሠራው ነው። ስማቸው አንድ፣ ሥዕላቸው የሆነው ክንፋሙ ፈረስም አንድ ነው። የአንዱን ጫፍ ነቅሎ በሌላው ላይ ለመግጠም የሚሞክር ሰው ግን አንዱ ቡሎን እንደሚፈልግ፣ ሌላው የቡሎን ቀዳዳ እንኳ እንደሌለው ወዲያው ያያል። ያገለገሉ ቤይብሌዶች ተደባልቀው በአንድ ከረጢት ሲገዙ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስም አይቶ ይመድባል። መታየት ያለበት መግጠሚያው ነው።

ትውልዶቹን በአጭሩ እናስቀምጣቸው። የፕላስቲኩ ትውልድ በ1999 በጃፓን በታካራ ኩባንያ ተጀመረ። የብረቱ፣ ማለትም ሜታል ፋይት፣ በ2008 ወጣ፤ ታካራ በዚያን ጊዜ ከቶሚ ጋር ተዋሕዶ ታካራ ቶሚ ሆኗል። በርስት በ2015፣ ኤክስ ደግሞ በ2023 ተከተሉ። ከጃፓንና ከእስያ ውጭ ባሉ ብዙ አገሮች ያው መጫወቻ በሃስብሮ ስም ይሸጣል። በእነዚህ አራት ትውልዶች መካከል አንድም ክፍል አይወራረስም። የፕላስቲኩ ዲስክ ብረቱ ላይ አይገባም፤ ድራይቨር የሚባለው የበርስት ጫፍ ኤክስ ላይ አይያዝም።

በአንድ ትውልድ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ማወቅ የሚያዋጣ አንድ ልማድ አለ። ከብረቱ ትውልድ ወዲህ አምራቹ ገበያውን ለማደስ ሲፈልግ የሚቀይረው ላይኛውን ክፍል ነው። ክብደቱን፣ ብረቱን፣ የሚለያዩትን ቁርጥራጮች ብዛት እንደፈለገ ይለዋውጣል። የታችኛውን መግጠሚያ ግን አይነካም። ስለዚህ በአንድ ትውልድ መጀመሪያ የተገዛ ጥሩ ጫፍ በዚያው ትውልድ መጨረሻ በወጣው ከባድ ቤይ ሥር ገብቶ ይሠራል። ገንዘቡን በጥንቃቄ የሚያወጣ ሰው በታችኛው ክፍል ላይ ቢያወጣ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ፕላስቲኩ

እዚህ ብዙ አንቆይም። የፕላስቲኩ ቤይ ከላይ ወደ ታች ሲፈታ ቢት ቺፕ (ሥዕል ያለበት ክዳን)፣ አታክ ሪንግ (የሚመታው ቀለበት)፣ ዌይት ዲስክ (ክብደቱ) እና ብሌድ ቤዝ (ሥሩ) ይወጣል፤ በቤዙ ውስጥ ስፒን ጊር የሚባለው ማዕከል አለ። ከተራው ሥርዓት ቀጥለው ማግናኮርና ኢንጅን ጊር የሚባሉ ሥርዓቶች መጡ። ማግናኮር ማግኔት አለው፤ ኢንጅን ጊር ደግሞ ሞላ ተጠምጥሞበት መሐል ውጊያ ላይ ይለቀቃል። በእነዚህ መካከል አታክ ሪንጉና ዌይት ዲስኩ በአብዛኛው ይለዋወጣሉ፤ ቤዙና ማዕከሉ ግን እያንዳንዱ ከራሱ ሥርዓት ጋር ብቻ ነው።

የሽክርክሪቱን አቅጣጫ የሚወስነው ስፒን ጊሩ ስለሆነ የግራና የቀኝ ጊር ቅርጻቸው ይለያያል። ግራ የሚዞር ድራጉን ገዝቶ ማስወንጨፊያው አልይዝለት ያለ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህን ነው፤ ዕቃው አልተበላሸ ይሆናል።

ከእነዚህ በኋላ የወጣው ሄቪ ሜታል ሲስተም ግን ለብቻው መቀመጥ አለበት። ድራጉን ኤምኤስ፣ ድራይገር ኤምኤስ እየተባለ ስማቸው ከፕላስቲኩ ጋር ቢመሳሰልም አካላቸው አነስ ያለ ነው፤ አታክ ሪንጋቸው ብረት አለበት፤ የታችኛው ክፍላቸው ረኒንግ ኮር ይባላል። ከፊታቸው ከነበሩት ጋር አይገጥሙም። ከእነሱ በኋላ ከመጣው የ2008 ብረትም ጋር አይገጥሙም። ከሁለቱም ወገን ዘመድ የሌለው ደሴት ናቸው።

ብረቱ፦ ቡሎኑን አታጥብቁት

የሜታል ፋይት አሠራር ንጹሕ ነው፤ ለመማርም ከሁሉም ይቀላል። ፌስ ቦልት የሚባለው ቡሎን ከላይ ይገባል፤ ክሊር ዊል በሚባለው የፕላስቲክ ቀለበትና ሜታል ዊል በሚባለው የብረት ቀለበት መሐል አልፎ፣ ትራክ በሚባለው አንገት ራስ ላይ ባለው ጥርስ ውስጥ ይጠመዘዛል። ቦተም የሚባለው ጫፍ ከሥር ተገፍቶ ትራኩ ውስጥ ይገባል። ሃስብሮ እነዚህኑ ኢነርጂ ሪንግ፣ ፊውዥን ዊል፣ ስፒን ትራክና ፐርፎርማንስ ቲፕ ይላቸዋል፤ ነገሩ ያው ነው።

ስሙን ማንበብ ከቻላችሁ ግጥሙን አወቃችሁ ማለት ነው። ስቶርም ፔጋሲስ 105 አርኤፍን እንውሰድ። ስቶርም ሜታል ዊሉ ነው፤ ፔጋሲስ ክሊር ዊሉ። 105 የትራኩ ቁመት ሲሆን በአሥረኛ ሚሊ ሜትር ይነበባል፤ ስለዚህ 10.5 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። አርኤፍ ጫፉ ጠፍጣፋ ጎማ መሆኑን ይናገራል። ትራኮቹ ከ85 ጀምረው እስከ 230 ይደርሳሉ።

በ2008 የወጡት የመጀመሪያዎቹ፣ እንደ ፔጋሲስ 105 ኤፍ እና ሊዮኔ 145 ዲ ያሉት፣ ክሊር ዊል የላቸውም፤ ዊላቸው አንድ ወጥ ነው። ትራካቸውና ጫፋቸው ግን ከኋላ ከመጡት ጋር ይለዋወጣል። ከዚያ ፎርዲ የሚባለው ሥርዓት መጣ። በዚህ ጊዜ ሜታል ዊሉ ራሱ ለሁለትና ከዚያ በላይ ተከፈለ፤ ደግሞም ትራክና ቦተም አንድ ላይ የተሠሩባቸው ጫፎች ወጡ። ቢግ ባንግ ፔጋሲስ ኤፍዲ እና ዲያብሎ ኔሜሲስ ኤክስዲ እንዲህ ናቸው። በስማቸው ውስጥ የትራክ ቁጥር የማይታየው ለዚሁ ነው። ከላይ ሌላ ዊል ብትጭኑባቸው ይቀበላሉ፤ ከሥራቸው ሌላ ቦተም ልግጠም ካላችሁ ግን መግቢያ የለም። በ2012 ዜሮ ጂ ሲመጣ ክሮም ዊል፣ ክሪስታል ዊልና ስቶን ፌስ የድሮዎቹን ተኩ። ክሮም ዊልን ከድሮው ክሊር ዊል ጋር ማጋባት አይቻልም። ሆኖም የ2009 ትራክና ቦተም በክሮም ዊል ሥር ሳያንገራግር ይገባል። ያልኩት ልማድ ይህ ነው፤ ላዩ ተገለበጠ፣ ሥሩ ቀረ።

ሁለት ልዩ ነገሮችን ልብ በሉ። ኤል ድራጎ ግራ ስለሚዞር የክሊር ዊሉ መቀመጫ የራሱ ነው፤ ላይትኒንግ ኤል ድራጎና ሜቴዎ ኤል ድራጎ እርስ በርስ ይዋዋሳሉ እንጂ ቀኝ ከሚዞር ሜታል ዊል ላይ አይቀመጡም። ሁለተኛው ሄል ኬርቤክስ ቢዲ145 ዲኤስ ነው። ቢዲ145 ትልቅ ሰሐን የመሰለ ትራክ ሲሆን ሄል ከተባለው ሜታል ዊል ጋር ሲገናኝ ወደ ላይ ተጠግቶ ከዊሉ ጋር እንደ አንድ አካል መያያዝ ይችላል። ከሌላ ዊል ሥርም ይገባል፤ ያ የተለየ አቀማመጥ ግን የሄል ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ጥንድ በከረጢት ውስጥ ከተገኘ አይለያይ።

አሁን ብዙ ትራክ የሚገድለውን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። ቡሎኑን ጠምዝዛችሁ ዊሉ መንቀሳቀሱን ሲያቆም በቃ ነው። ከዚያ በኋላ ሩብ ዙር ልጨምር ስትሉ የምትገፉት የፕላስቲክ ጥርስ ነው። መጀመሪያ እጃችሁ ላይ መለስለስ ይሰማችኋል፤ ቡሎኑ ጠብቆ ሳለ በድንገት እንደ ቅቤ ይዞራል። ያኔ የትራኩ ጥርስ ተበልቷል። ምልክቱ በጨዋታ ላይ ይታያል፤ ቤዩ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመታ በኋላ ፌሱ ይላላል፣ ዊሉ ጭር ጭር የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ሽክርክሪቱም ያጥራል። ሙጫ መጨመር ለጊዜው የያዘ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቡሎኑን ለመፍታት ትራኩን መስበር ያስፈልጋል። የተበላን ትራክ ከመጠገን መቀየር ይሻላል፤ ቡሎኑን ሌላ ትራክ ላይ ሞክራችሁ ከያዘ ጥፋቱ የት እንደነበረ ታውቃላችሁ።

አዲስ ቅንብር ሲንቀጠቀጥም ሰው ወዲያው ክፍሎቹ አይስማሙም ይላል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው። ቦተሙ እስከ መጨረሻው አልተገፋም፤ ወይም ክሊር ዊሉ በሜታል ዊሉ ጎድጓዳ ውስጥ አንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ቤዩን ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ በጣት ቀስ አድርጋችሁ አሽከርክሩትና የዊሉን ጠርዝ ከጎን ተመልከቱ፤ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ፈትታችሁ እንደገና አስቀምጡት። የጎማ ጫፎች ደግሞ ያልቃሉ። አዲሱ አርኤፍ ጠርዙ ስለት ነው፤ ሲያረጅ ይከበባል፤ ያኔ አሮጌው አርኤፍ እንደ አዲሱ አያጠቃም። ይህ የግጥም ጉዳይ አይደለም፤ የዕድሜ ነው።

በርስት፦ የሚገጥም ሁሉ አይሠራም

ትልቁ ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም በርስት ከ2015 ጀምሮ በየዓመቱ ላዩን ቀይሯል። መጀመሪያ የነበረው ሦስት ክፍል ነው፦ ከላይ ሌየር፣ ከመሐል ዲስክ፣ ከሥር ድራይቨር። ቫልኪሪ ዊንግ አክሰል፣ ስፕሪጋን ስፕሬድ ፊውዥን፣ ራግናሩክ ሄቪ ሰርቫይቭ እና ኬርቤውስ ሴንትራል ዲፌንስ የመጀመሪያዎቹ አራቱ ናቸው፤ ስማቸውም ሌየር፣ ዲስክ፣ ድራይቨር በሚል ቅደም ተከተል ይነበባል።

በ2017 ጎድ ሌየር ሲመጣ ዲስኩ በቁጥር የሚጠራ ኮር ዲስክ ሆነ፤ በላዩም ፍሬም የሚባል ቀለበት መግጠም ተቻለ። ጎድ ቫልኪሪ 6 ቪ ሪቡት ሲባል 6 ኮር ዲስኩ፣ ቪ ቮርቴክስ የተባለው ፍሬም፣ ሪቡት ድራይቨሩ ነው። ሁሉም ቁጥር ግን ፍሬም አይቀበልም፤ ድርብ ዜሮ ያለ ፍሬም የሚሄድ ነው። በ2018 ቾዜት የተባለው ሥርዓት ሌየሩ ውስጥ ብረት አስገባ። በ2019 ጂቲ ሌየሩን ለሦስት ከፈለው። ኤስ ድራጎን ስቲንግ ቻርጅ ዛን የሚለውን ስም ብትተነትኑት ኤስ ቤዙ፣ ድራጎን ቺፑ፣ ስቲንግ ዲስኩ፣ ቻርጅ ድራይቨሩ፣ ዛን ክብደቱ ነው። በ2020 ሱፐርኪንግ ቺፕ፣ ሪንግና ሻሲ አመጣ። ብሬቭ ቫልኪሪ ኢቮሉሽን ዳሽ 2ኤ በሚለው ስም ውስጥ ዲስክ ፈልጋችሁ አታገኙም፤ 2ኤ የተባለው ሻሲ ዲስኩን በራሱ ውስጥ ይዟል። በሱፐርኪንግ ስም ውስጥ የዲስክ ስም ካለ ሻሲው ዲስክ ይፈልጋል፤ ከሌለ ሁለቱ አንድ ላይ ተሠርተዋል ማለት ነው። በ2021 ዳይናማይት ባትል መጣ፤ ዳይናማይት ቤሊያል ኔክሰስ ቬንቸር 2 ሲባል ዳይናማይት ብሌዱ፣ ቤሊያል ኮሩ፣ ኔክሰስ ዲስኩ፣ ቬንቸር ድራይቨሩ፣ 2 ደግሞ አርመሩ ነው።

የጂቲ ቺፕ ሱፐርኪንግ ሪንግ ውስጥ አይገባም። የሱፐርኪንግ ሪንግም ዳይናማይት ኮር ላይ አይቀመጥም። ላይኛው ቤት እያንዳንዱ በራሱ ዓመት ታጥሯል። ድራይቨሩን ግን ከሁሉም ሥር ታገኙታላችሁ። የ2015 አክሰል በ2021 ቤሊያል ሥር ይገባል፣ ጠቅ ይላል፣ ይዞራል።

ይዞራል ማለት ግን ይዋጋል ማለት አይደለም። በርስት ቤይ የሚፈነዳው ድራይቨሩ ውስጥ ያለው ሞላ ወደ ላይ የሚገፋቸው ጥርሶች ከሌየሩ ጥርሶች ጋር እየተንሸራተቱ ስለሚሄዱ ነው። እያንዳንዱ ምት አንድ እርምጃ ያንሸራትታል፤ መጨረሻው ላይ መንጠቆው ክፍት ቦታ ያገኝና ሦስቱ ክፍሎች ይበተናሉ። የመጀመሪያው ዘመን ሞላ የተሠራው ለቀላል የፕላስቲክ ሌየር ነው። ከላዩ ብረት ያለበት ቾዜት ስትጭኑበት ምቱ ከሞላው አቅም በላይ ይሆናል። ለዚህ ነው ስማቸው ላይ ዳሽ ምልክት ያላቸው ድራይቨሮች የወጡት፤ ጫፋቸው ከተራው ጋር አንድ ነው፣ ሞላቸው ግን ይጠነክራል። ዜት አኪሊስ 11 ኤክስቴንድን ከመሰለ ከባድ ሌየር ጋር ዳሽ የሌለው አሮጌ ድራይቨር ተጠቅሞ «ይህ ቤይ ደካማ ነው» የሚል ሰው ቤዩን ሳይሆን ሞላውን ነው የሚወቅሰው።

የተገላቢጦሹም አለ። ዳሽ ድራይቨር በቀላል የ2015 ሌየር ላይ ከገባ ቤዩ ለመፈንዳት እምቢ ይላል፤ ለጨዋታ ጥሩ ይመስላል፤ ጠንካራው ሞላ ግን የሌየሩን ቀጭን ጥርስ በእያንዳንዱ መግጠምና መፍታት ይፍቃል። ያረጀና የማይገኝ ሌየር ካላችሁ ይህን አታድርጉበት።

የሞላውንና የጥርሱን ጤንነት ያለ መሣሪያ መለካት ይቻላል። ቤዩን ግጠሙት፤ በአንድ እጅ ሌየሩን፣ በሌላው ድራይቨሩን ያዙ፤ ወደሚፈታበት አቅጣጫ በቀስታ አዙሩ። ጠቅታዎቹን በጣታችሁ ቁጠሩ። ጤነኛ ሌየር ላይ እያንዳንዱ ጠቅታ ለየብቻው ይሰማል፤ ለማለፍም ተመሳሳይ ጉልበት ይጠይቃል። የመጀመሪያው ጠቅታ ከጠፋና ሁለተኛው ላይ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ያ ጥርስ አልቋል። ጠቅታዎቹ ሁሉ እኩል የለሰለሱ ከሆነ ግን ጥፋቱ ከሌየሩ ላይሆን ይችላል፤ ሌላ ድራይቨር ቀይራችሁ እንደገና ቁጠሩ። በሁለተኛው ድራይቨር ከጠነከረ የደከመው የመጀመሪያው ሞላ ነው። ይህን ፈተና ሳያደርጉ ያገለገለ ሌየር መግዛት ዕውር ግዢ ነው።

ግራ ስለሚዞሩት ስጋት አይግባችሁ። ድሬን ፋፍኒርና ሎስት ሎንጊነስ ግራ ቢዞሩም የጥርሱ ዝንባሌ ያለው ሌየሩ ላይ ስለሆነ ተራው ድራይቨር ይሠራላቸዋል። የሚለየው ማስወንጨፊያው ነው።

ሃስብሮና ታካራ ቶሚ

ስሞቹ ይለያያሉ። ቫልኪሪ በሃስብሮ ቫልትርየክ ነው፣ ስፕሪጋን ስፕራይዘን፣ ሎንጊነስ ሉይኖር፣ ራግናሩክ ሮክታቮር። በመጀመሪያዎቹ የበርስት ዓመታት ክፍሎቹ በሁለቱ መካከል ይለዋወጣሉ። ከዚያ በኋላ ሃስብሮ በራሱ መንገድ ሄደ፤ ስሊንግሾክ የተባለው መስመሩ በሐዲድ ላይ የሚሄድ ጫፍ አመጣ፣ ሃይፐርስፊር ደግሞ ግድግዳ የሚወጣ። በሃይፐርስፊር ዘመን ታካራ ቶሚ በቺፕ፣ በቤዝና በክብደት የከፋፈለውን ሌየር ሃስብሮ አንድ ወጥ አድርጎ ሸጠው። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ያለው ሥዕል ከጃፓኑ ጋር አንድ ቢሆንም የሚፈታ ቺፕ ጠብቃችሁ አትግዙ። የታካራ ቶሚን አሠራር በሃስብሮ ስም የምትፈልጉ ከሆነ ፕሮ ሲሪስ የሚለውን መለያ ፈልጉ።

በኤክስ ዘመን ይህ ራስ ምታት ቀርቷል። ስሙ ብቻ ይገለበጣል ወይም ይቀየራል፤ ድራን ሶርድ ሶርድ ድራን ይሆናል፣ ዊዛርድ አሮው አሮው ዊዛርድ፣ ሄልስ ሳይዝ ሳይዝ ኢንሴንዲዮ፣ ናይት ሺልድ ሄልም ናይት። ክፍሎቹ ከሁለቱም ወገን ይጋባሉ።

ኤክስ፦ ብሌድ፣ ራቼት፣ ቢት

ድራን ሶርድ 3-60 ፍላት በሚለው ስም ድራን ሶርድ ብሌዱ፣ ማለትም ላይኛው ክፍል ነው። 3-60 ራቼቱ፣ ማለትም መካከለኛው ክፍል ሲሆን 3 የጎኑ ጉብታዎች ብዛት፣ 60 ደግሞ ቁመቱ፣ ማለትም 6.0 ሚሊ ሜትር ነው። ፍላት ቢቱ፣ ማለትም ጫፉ ነው። ቢቱ ተገፍቶ ራቼቱ ውስጥ ይገባል፤ ራቼቱ ከብሌዱ ጋር ተጠምዝዞ ይያያዛል። ቢቱ ዙሪያውን ጥርስ አለው፤ ያ ጥርስ በሜዳው ጠርዝ ካለው ኤክስትሪም ላይን ከተባለው ሐዲድ ጋር ተናክሶ ቤዩን ይወረውረዋል።

ቢኤክስ የመጀመሪያው መስመር ነው፤ በ2024 ዩኤክስ መጣ፣ እንደ ድራን ባስተር 1-60 አክሰልና ዊዛርድ ሮድ 5-70 ዲስክ ቦል ያሉት። በ2025 ደግሞ ሲኤክስ ብሌዱን ለሦስት ከፈለው፦ ሎክ ቺፕ፣ ሜን ብሌድና አሲስት ብሌድ። ድራን ብሬቭ ስላሽ 6-60 ቮርቴክስ የመጀመሪያው ነው። ሦስቱ ቁርጥራጮች በሲኤክስ መካከል ብቻ ይለዋወጣሉ፤ ከሥር ያሉት ራቼትና ቢት ግን በሦስቱም መስመር ይሄዳሉ።

ልማዱን የሚሰብሩም አሉ። ክሎክ ሚራዥ የሚቀበለው ቁመታቸው በ5 የሚያልቁ ራቼቶችን ነው፤ ከራሱ 9-65 ጋር የሚወጣውም ለዚሁ ነው። 3-60 ልትገፉበት ከሞከራችሁ አትታገሉት። ራቼትና ሌላ ክፍል አንድ ላይ የተሠራባቸው ዕቃዎችም ወጥተዋል፤ በስማቸው ውስጥ እንደ 3-60 ያለ ቁጥር አለመኖሩ ምልክታቸው ነው፣ ልክ እንደ ፎርዲው ዘመን።

በኤክስ ለመፈታት ያለው መቋቋም በአምራቹ ነጥብ አሰጣጥ የቢቱ ጉዳይ ነው። ብሌዱ ቶሎ ተፈታ ብላችሁ ብሌዱን ከመጣላችሁ በፊት ቢቱን ቀይሩ። በተጨማሪም በይፋዊው የሦስት ለሦስት ውድድር አንድ ክፍል በአንድ ተጫዋች ሦስት ቤዮች ውስጥ ሁለት ጊዜ አይገባም። ስለዚህ አንድ ዓይነት 3-60 ራቼት ሦስት መግዛት ለጠረጴዛ ጨዋታ እንጂ ለውድድር አይጠቅምም፤ 3-60፣ 9-60ና 5-60 ብትይዙ ይሻላል።

እነ ድራጉን ስቶርም፣ ድራንዘር ስፓይራልና ስቶርም ፔጋሲስ በኤክስ እንደገና ሲወጡ መልካቸው የድሮው ነው፣ መግጠሚያቸው ግን ሙሉ በሙሉ የኤክስ ነው። ከድሮው ስማቸው ጋር በአንድ ሣጥን አታስቀምጧቸው።

ማስወንጨፊያና ሜዳ

የማስወንጨፊያ መንጠቆዎች ብዛትና ቅርጽ በየትውልዱ ይለያያል። በኃይል ገፍቶ ማስያዝ አንዳንዴ ይቻል ይሆናል፤ በግማሽ የተያዘ ቤይ ግን ሲለቀቅ ዘንበል ብሎ ይወጣል፣ መንጠቆውንም ይሰብራል። በዚያው ትውልድ ውስጥ ደግሞ አቅጣጫውን ተመልከቱ። ኮባልት ድራጉን ኤክስ ነው፤ ግን ግራ ስለሚዞር የቀኝ ማስወንጨፊያ አይይዘውም።

ሜዳውን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። የሜታል ፋይት ቤይ በኤክስ ሜዳ ላይ አታስወንጭፉ። ጫፉ ጥርስ ስለሌለው ሐዲዱን አይጠቀምበትም፤ ከባዱ ብረት ግን የሐዲዱን የፕላስቲክ ጥርስ ይቀጠቅጠዋል። የሐዲዱ ጥርስ አንዴ ከተላጨ የኤክስ ቢቶች በዚያ ቦታ ላይ ይዘላሉ። የኤክስ ቤይ በበርስት ሜዳ ላይ ቢዞር ጉዳቱ ለሜዳው ያንሳል፤ ግን ሐዲድ ስለሌለ የጥቃት ቢቶች የተሠሩበት ጉልበት አይገኝም።

የማይገጥሙ ክፍሎችን በሞረድ፣ በሙጫ ወይም በተጨማሪ ቡሎን ማጋባትም አለ። አታድርጉት። በሙሉ ፍጥነት የሚዞር ብረት የያዘው ሙጫ ሲለቀው በዓይን ቁመት ይበርራል። በተጨማሪ በሞረድ የተነካ ክፍል ሚዛኑ ይጠፋል፤ በይፋዊ ውድድርም ተቀባይነት የለውም።

የተቀዳ ዕቃ

ከአንድ ትውልድና ከአንድ ሥርዓት ሆኖ አልገጥም የሚል ክፍል ብዙውን ጊዜ የተቀዳ ነው። በብረቱ ዘመን ትራኩ ላይ ቡሎኑ ገና በግማሽ ዙር ይጠብቃል፣ ወይም ቦተሙ ያለ ምንም ግፊት ይገባና በራሱ ይወድቃል። በበርስት ጠቅታዎቹ እኩል አይሰሙም። የሜታል ዊል ጠርዝ ላይ ያልተላጨ የብረት ፍንጣሪ፣ የደበዘዘ ተለጣፊና ሲሽከረከር መንቀጥቀጥ አብረው ከመጡ አትጠራጠሩ። የተቀዳውን ክፍል ከእውነተኛው ጋር ስትቀላቅሉ የሚጎዳው እውነተኛው ነው፤ ልኩን ያልጠበቀ ቡሎን ጥሩ ትራክ ይበላል።

ከረጢቱን መለየት

አሁን ወደ ተደባለቀው ከረጢት እንመለስ። መጀመሪያ ጫፎቹን ብቻ ለዩ፤ ላይኛውን አትመልከቱ። ዙሪያውን ጥርስ ያለው አጭር ጫፍ የኤክስ ቢት ነው። ውስጡ ሞላ ያለው፣ በጣት ሲጫኑት የሚመለስ፣ ራሱ ላይ መንጠቆ ያለው የበርስት ድራይቨር ነው። ትንሽ፣ ያለ ሞላ፣ ቡሎን ከሚገባበት ትራክ ሥር የሚገፋ የብረቱ ቦተም ነው። ሰፊ የፕላስቲክ ሥር ሆኖ ዲስኩ በላዩ የሚቀመጥበት የፕላስቲኩ ቤዝ ነው፤ ከእሱ አነስ ያለ ከሆነ ወደ ሄቪ ሜታል ሲስተም ሣጥን ይሂድ። ከዚያ ላይኛዎቹን በየጫፋቸው ሣጥን እየሞከራችሁ አስገቡ። መጨረሻ ላይ ከማንም ጋር ሳይገጥም የቀረ ብረት ካለ በቡሎን ቀዳዳው አቅራቢያ ያለውን መቀመጫ እዩ፤ ምናልባት የኤል ድራጎ ሜታል ዊል ሆኖ ክሊር ዊሉ ጠፍቶበት ይሆናል።